መለከት የተሰማበት እሑድ

የያዙን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። መሀል ከተማ ካለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተሰልፈን ቆመን ነበር። አብዛኞቻችን ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣን፣ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንንሽ ሱቅ የምንሠራ ነን። ያን ሰሞን ሱቆቻችን በሰልፈኞች ተዘግተው፣ አንዳንዱም ተዘርፎ፣ ለማን አቤት እንደምንል ጠፍቶን ነበር። ስለዚህ ሄደን ዝም ብለን እንቁም ተባባልን። አልጮኽንም፣ አልዘመርንም። ካርቶን ላይ «እኛም ሰው ነን» ብለን በእንግሊዝኛና በዙሉ ጽፈን ያዝን።

ፖሊሶቹ መጥተው ፈቃድ አላችሁ ወይ አሉ። የለንም አልናቸው። አንደኛው መሪያችሁን አሳዩኝ አለ። መሪ እንደሌለን ስንነግረው አላመነም፤ ከፊት የቆምነውን እየለየ ወደ መኪናው አስገባን። እኔ ከፊት የቆምኩት ቁመቴ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው። ከኋላ ብሆን ካርቶኔ አይታይም ነበር።

ከተያዝነው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሂልብሮው ሰፈር ካለው ጣቢያ ስንደርስ ወንዶቹን ወደ አንድ ወገን ወሰዷቸው፤ እኔን አንዲት ፖሊስ በረጅም ኮሪደር መርታ ወደ ሴቶቹ ክፍል አስገባችኝ። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ ቀለም ተቀብቷል። በአንድ ጥግ ስስ ፍራሾች ተደራርበዋል፤ በሌላው ጥግ ከአጭር ግንብ ኋላ መጸዳጃው አለ። መስኮቱ ከላይ ነው፣ ሽቦ ተወጥሮበታል። ሽታው የወለል ማጽጃና የቆየ ላብ ነው። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ጥርስ ላይ ይሰማል።

ከእኔ በፊት የገቡ አንዲት የዙሉ አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጎጎ አልኳቸው፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ በሱቅም ትልልቅ ሴት ደንበኞቻችንን የምንጠራው እንደዚያ ነው። ምን አድርገሽ መጣሽ አሉኝ።

«ቆሜ» አልኳቸው።

«እኔ ደግሞ ተቀምጬ» አሉኝ።

እዚያው ሂልብሮው መንገድ ዳር ተቀምጠው በቆሎ እሸት እየጠበሱ ይሸጣሉ። አንድ ደንብ አስከባሪ ምድጃቸውን በእግሩ ሲገለብጠው በቆሎ መገልበጫውን ወርውረውበት ነው የመጡት። እንዳልመታው ነገሩኝ፤ አነጋገራቸው ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። የታሰርኩበትን የመጀመሪያ ቀን ሳስብ አሁንም ትንሽ የምስቀው በሳቸው ምክንያት ነው።

ልጅቷን ያመጧት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯንም በነጭ ሻሽ አስራለች። መጀመሪያ ሳያት ሙሽራ መሰለችኝ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአገሬ ልጅ መሆኗን ከፊቷ አውቄ በአማርኛ ሰላም አልኳት። ቀና ብላ ልብሴን አየች።

«እትዬ፣ እርስዎም ከቤቱ ነዎት?» አለችኝ።

የትኛውን ቤት ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ትሮይቪል ሰፈር ውስጥ ስላለው ስለዚያ ቤት በሁላችንም አብያተ ክርስቲያናት ይወራ ነበር። አንድ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው፣ የኛው አገር ሰው፣ ጌታ የሚመለስበት ቀን ተገልጦልኛል ብሎ ሰዎችን ሰብስቧል። የታዘዘው ሥራውንና ዘመዱን ትቶ ነጭ ለብሶ እዚያ ይገባል። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ፤ ጎረቤት ለፖሊስ ተናገረ። ፖሊስ በመጣ ቀን ሰውየው ለስብከት ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ወረቀት ያላቸው ተለቀቁ፣ የሌላቸው ተያዙ። የእሷ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፎበታል። የሰማይ ዜጋ የምድር ወረቀት አያድስም ብሎ ስላስተማራቸው ነው ያላደሰችው።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላዘነችም። እንዲያውም እኔ ነበርኩ የማሳዝናት።

«ቀኑ ነገ ነው፣ እትዬ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ። እዚህ መሆናችን ምንም አይደለም። ግንብ አያግደውም።»

ዳቦና ሻይ ሲመጣ አልነካችም። የመጨረሻው ጾም ነው አለች።

ብዙ ልላት እችል ነበር። ያደግሁት በአማኝ ቤት ነው፤ አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ሰው እንደማያውቅ የተናገረው ጌታ ራሱ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ፊቷን አየሁት። ያ ቀን ብቻ ነበር የቀራት። እሱን ብነጥቃት በምትኩ የምሰጣት ነገር በእጄ አልነበረም። ከጎኗ ፍራሽ አነጠፍኩና ብርድ ልብሴን ለሁለታችን ዘረጋሁት።

እሑድ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ አሥራ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆማ አገኘኋት። ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር። የምትጸልይ መሰለኝ። በኋላ ግን እጇን ስታወርድ ቀሚሷ ላይ፣ በሁለቱም ጡቶቿ በኩል፣ የረጠበ ክብ አየሁ።

ጎጎም አይተዋል። «ኡቢሲ» አሉ ቀስ ብለው። ወተት።

ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩ። «ልጅ አለሽ እንዴ፣ የኔ እህት?»

 «ነበረኝ» አለች።

ደነገጥኩ። ሞቶባት መሰለኝ። አልሞተም። ዛንድስፕሩት በሚባል ሎኬሽን፣ ባሏ ሱቅ ውስጥ፣ ከባሏ ጋር ነው። ገና ጥርስ እያወጣ ነው። የነቢዩን ስብከት መከታተል ከጀመረች ወራት ሆኗት ነበር፤ ባሏ ወደዚያ ቤት አልሄድም፣ ልጄንም አልሰጥም ብሎ ሲቆርጥ ነቢዩ ምረጪ አላት። ወደ ኋላ ያየች የሎጥ ሚስት ምን እንደሆነች አስታወሳት። ልጇን ሱቅ ውስጥ በስኳር ከረጢቶች መሀል ተኝቶ ሳለ ትታው ወጣች። ከወጣች ሳምንት አልሞላትም። በየቀኑ ጡቷን በጨርቅ ጠፍራ ታስር ነበር፤ ጣቢያ ሲፈትሿት ጨርቁን ወሰዱባት።

ክንዷን ነካሁት፣ ይፋጃል። ጎጎ መጥተው በእጃቸው ጀርባ ደረቷን ሲነኩት ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል አሉኝ፣ ካልታለበ ትታመማለች። ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ትንሽ ሰዓት ነው የቀረው» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር መጠበቅ ብቻ ነው። የመስኮቱ ብርሃን በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከውጭ የታክሲዎች ጥሩምባ፣ የሰው ሳቅ፣ የሆነ ቦታ የሚጮህ ሬዲዮ ይሰማል። ልጅቷ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ ወደ እግሮቿ ታያለች። ከቆመችበት ፀሐይ ስለማይደርስ ጥላ የላትም፤ እሷ ግን ታያለች።  

መለከቱ የተነፋው በዚያ መሀል ነው።

አንድ ረጅም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ሌሎች ተከተሉት፤ ከበሮም አብሮ መጣ። ድምፁ ከመንገዱ ተነሥቶ በሽቦው ገብቶ ክፍሉን ሞላው። እውነቱን ልናገር፣ የኔም ልብ አንድ ጊዜ ዘለለ።

ልጅቷ በጉልበቷ ወደቀች። መዳፎቿን ዘርግታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አነሣች። እንዲያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ወተቱ በቀሚሷ ላይ ይወርዳል፤ አላወቀችውም።

እኔና ጎጎ ተያየን። እዚያ ሰፈር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሑድ እሑድ አንዳንድ የዙሉ አብያተ ክርስቲያናት አማኞች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መለከትና ከበሮ ይዘው በሂልብሮው መንገዶች ይሰለፋሉ። የኔ ሱቅ ሎኬሽን ቢሆንም ዕቃ ልገዛ ስመጣ ስንት ጊዜ አልፈውኛል። ጎጎ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጉልበታቸውን ያዝ አደረግኳቸው። ተረዱኝ። መልሰው ዘጉት።

የመለከቱ ቡድን ከመስኮታችን ሥር ደረሰ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ አለፈ። ከበሮው ማዕዘኑን ሲዞር ደከመ። መለከቱም ራቀ። ቀስ በቀስ የታክሲዎቹ ጥሩምባ ተመለሰ። አንድ ረዳት ከመስኮቱ ባሻገር የሚሄድበትን ሰፈር ስም እየደጋገመ ይጣራል።

መዳፎቿ እንደተዘረጉ ቆዩ። ከዚያ አንዱ ወረደ፣ በኋላም ሌላው። ዘወር ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ የሰው ነው?»

«አዎ፣ የኔ እህት» አልኳት። «የሰው ነው።»

አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። ከዚያ ያሰበችውን ነገረችኝ። ሰዓቱ አልፏል፤ ጌታ መጥቶ የቤቱን ሰዎች ወስዷቸዋል፤ እሷን ግን ትቷታል። ምክንያቱንም ታውቀዋለች። ከቤት ከወጣች ጀምሮ አንድም ቀን ልጇን ሳታስብ አልዋለችም። ጡቷን ብታስረውም ወተቱ አልደረቀም። ወተቱ መሰከረባት።

ያን ጊዜ ነው የተቆጣሁት። በእሷ አይደለም። ሌላ ከተማ በተቀመጠው ሰውዬ ነው። አንዲት እናት የገዛ ወተቷን እንደ ኃጢአት እንድታይ ያደረገ ሰው ምን ቢሉት ይበቃዋል? ግን ቁጣዬን ዋጥኩትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስለ እናቴ ነገርኳት። እናቴ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ከሁሉ በኋላ የምትነሣ ሴት ነበረች። አንድ ቀን፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በመንደራችን ጌታ በዚህ ሳምንት ይመጣል የሚል ወሬ ነፈሰ። ጎረቤት ሁሉ ሥራ አቁሞ ሲጸልይ እሷ እግሯን ዘርግታ፣ እስከ ክርኗ በእንሰት ጭማቂ ርሳ፣ ትፍቃለች። ሰዎች ነቀፏት። እሷም፣ ልጆቼ እንዲበሉት የምፍቀውን ይዤ ቢያገኘኝ አላፍርም፣ እሱም አያፍርብኝም አለቻቸው።

ልጅቷ ትሰማኛለች። 

«ጌታ ዛሬ ቢመጣ፣ ልጅሽን ስታጠቢ ቢያገኝሽ፣ የሚያዝንብሽ ይመስልሻል?» አልኳት።

«አያዝንም?»

«ልጁን የሰጠሽ እሱ አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እንደ ልጅ አለቀሰች። ጎጎ የተባለውን አልሰሙም፤ ቋንቋውን አያውቁትም። ግን ተነሥተው መጡና ጭንቅላቷን ሆዳቸው ላይ አስጠግተው «ቱላ፣ ምንታናሚ» አሏት። ዝም በይ፣ ልጄ።

የምሳው ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ መጥቶ ነበር፣ ገና ትኩስ ነው። ጎጎ ራሳቸው ላይ ያሠሩትን ጨርቅ ፈቱ። ሽበታቸውን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ኩባያውን በጨርቁ ጠቅልለው ደረቷ ላይ አደረጉላት፤ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው እንዴት እንደምታልብ አሳዩዋት። እኔ በሩ ላይ ካለችው መመልከቻ እንዳይታዩ ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ ወጥሬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ ያዝኩት። ከኋላዬ ልጅቷ መጀመሪያ ስትቃትት፣ በኋላ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁ። ከዚያ ዳቦ ጠየቀችን።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሷ መጣች፤ ያች ዓርብ ያስገባችኝ ናት። ሰልፍ ላይ ለተያዝነው ስልክ እንድንደውል ተፈቅዷል፣ ነዪ አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ነው። ባለቤቴ የት እንዳለሁ በትክክል አያውቅም ነበር። ሆኖም እሷ ትደውል አልኳት ወደ ልጅቷ እያሳየሁ። ፖሊሷ፣ ስሟ ከሰልፈኞቹ ውስጥ የለም፣ አይሆንም አለች። የሚጠባ ልጅ አላት አልኳት። ፖሊሷ የልጅቷን ቀሚስ አየች፣ ከዚያ ጎጎን፣ ከዚያ እኔን። አንድ ሰው ብቻ አለች። እሺ አልኩ።

ልጅቷ ደውላ ስትመለስ ምን አለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷ ራሷ ነገረችኝ። ባሏ ስልኩን አንሥቶ ድምፅዋን ሰማ። ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ፣ «የት ነሽ? ይዤው እመጣለሁ» ብቻ አላት።

ብርሃኑ ከግድግዳው ሳይወጣ መጡ። መምጣታቸውን ያወቅነው በልጁ ለቅሶ ነው፤ ከኮሪደሩ ወዲያ ጠያቂ ከሚቀበሉበት በኩል ይሰማል። ልጅቷ ወዲያው ተነሣች። ፖሊሷ በሩን ከፍታ ቶሎ በዪ፣ አለቃዬ ሳይመለስ አለቻት።

«አንድ ጊዜ» አለች ልጅቷ።

ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች። ሳሙና አልነበረም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ጥፍሯንም ሳይቀር፣ በውሃ ብቻ ደጋግማ አሸች። ደረቷን አበሰች። ነጩን ሻሽ ፈታ ጣለችው፣ ፀጉሯን በጣቶቿ አበጠረች። ፖሊሷ በሩን እንደያዘች ቆማለች። ጎጎ ያንን የራስ ጨርቃቸውን አንሥተው የረጠበውን ቀሚስ እንዲሸፍንላት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ቀና ብላ፣ ሳትሮጥ፣ ወጣች።

እኔና ጎጎ በሩ አጠገብ ቆመን ሰማን። ልጁ ያለቅሳል። ለቅሶው ቀረበ፣ ከፍ አለ። የሆነ በር ተዘጋ፤ ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ ፖሊሷ የራሷን ወንበር ሰጥታት፣ ወንዶቹ እንዳያዩዋት በሩን ዘግታ ውጭ ቆማላታለች። ከዚያ ለቅሶው ተቋረጠ። በአንድ ጊዜ፣ መሀሉ ላይ እንደተቆረጠ ዘፈን ጸጥ አለ።

ጎጎ በእፎይታ ተነፈሱና ፍራሻቸው ላይ ተቀመጡ።

ሰኞ ዕለት እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ጎጎንም ፍርድ ቤት ወስደው ገሥጸው እንደለቀቋቸው ሰማሁ፤ የሚጠብሱበትን ቦታ ፈልጌ አገኘኋቸው፣ ዛሬም እንጠያየቃለን። ልጅቷ ጥቂት ቀን ቆየች። ባሏ ጠበቃ ይዞ ሲመላለስ ወረቀቷ እስኪታደስ ድረስ በዋስ ወጣች። በቆየችባቸው ቀናት ያች ፖሊስ በተረኛነቷ ሁሉ ልጁን አስገብታላታለች። ለምን እንዳደረገችው አልጠየቅናትም።

ያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሱቃችን አንዳንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንዳንድ ሰሞን ይከፈታል። እኔ ጌታ እንደሚመጣ አምናለሁ፤ ያን ጊዜም አምን ነበር። ግን በቤተ ክርስቲያን ተዘጋጅታችኋል ወይ ተብለን ስንጠየቅ እንደ ድሮዬ ልቤ አይሸበርም። ያን እሑድ ከሁላችንም ይበልጥ የተዘጋጀን ሰው ዓይቻለሁ ብዬ አስባለሁ፤ የተዘጋጀችው በነጭ ልብሷ ቆማ ስትጠብቅ ይሁን ጣቶቿን ስታጥብ፣ እግዜር ያውቃል። የኔ ግምት ግልጽ ነው።

ነቢዩ ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን ቆርጦ ነበር። ያም አለፈ። አሁን ከዚያ ቤት ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ እየወጡ ነው። ያፍራሉ፤ ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያናቸው አይመለሱም፣ ዘመድ ቤትም አይሄዱም። ሽማግሌዎቻችን እነሱን የሚቀበል ሰው ሲፈልጉ ያችን ልጅ ጠየቋት። ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቄ መጣች፤ ፈርታለች። በዚያው ቀን አንድ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ሊመጡባት ነበር።

«ምን ልበላቸው፣ እትዬ?»

እኔም የወንጌላዊ ልጅ አይደለሁ፣ ጥቅስ መደርደር ጀመርኩላት። ባንኮኒውን ተደግፋ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ ዓይኗ ከኋላዬ ወዳለው መደርደሪያ ሄደ።

«እሱን በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ በልተው እንደሆነ ልጠይቃቸው።»

የጀመርኩትን ጥቅስ ሳልጨርስ ተውኩና ሩዝ ላወርድላት መሰላሉ ላይ ወጣሁ።